ሰው ሲሞላ ታብሌቱ የሚከዳው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ! ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ላውንጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ላይቭ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እጫወታለሁ። ሉፖቼ (እየተደጋገሙ የሚጫወቱት የድምፅ ቁራጮች) ላፕቶፕ ላይ፣ ኤብልተን ላይቭ የሚባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ ናቸው። አቀርቅሮ ማምሸት ስለሰለቸኝ ታብሌቴን በቤቱ ዋይፋይ አገናኝቼ ሰው መሀል እየገባሁ መቆጣጠር ጀመርኩ። ቀን ስሞክረው እንከን የለውም። ማታ ቤቱ ሲሞላ ግን ፌደር (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻ) ስገፋ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል፣ ከበሮ ስነካ ከቢቱ ይወጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቋረጣል። አዲስ ታብሌት ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ ወንድሜ። ቀን ሠርቶ ማታ የሚከዳ ከሆነ ታብሌትህ ምንም አልሆነም። ችግሩ ያለው ዋይፋዩ ጋ ነው።

ማታ እዚያ ቤት የገባው ሰው ሁሉ ስልኩን ከዚሁ ዋይፋይ አያይዞ ቪዲዮ እየላከና እያየ ነው፤ አንተ ፌደር ስትገፋ የሚወጣው ትንሽ መልእክት ከዚያ ሁሉ ጋር ወረፋ ይይዛል። ብዙ ራውተር የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ደግሞ የጎረቤት ካፌውም፣ ሆቴሉም፣ ብሉቱዙም የሚጋፋበት ነው፤ እርስ በርስ የማይረባበሹ ተብለው የሚመረጡት ቻናሎች 3 ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ሰውም ራሱ ሲግናል ይከለክላል። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይውጣል። ባዶ ቤት ውስጥ የሞከርከውና ሰው ጥቅጥቅ ሲል የምትጫወትበት አንድ አይደሉም።

የራስህን ራውተር ይዘህ ሂድ። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ሲምም መስመርም አያስፈልገውም፤ ሥራው ታብሌቱንና ላፕቶፑን ማገናኘት ብቻ ነው። ስትገዛ 5 ጊጋኸርዝ እንዳለው አረጋግጥ፣ ታብሌትህም ይህን መቀበል አለበት። ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር አያይዘው፣ ያኔ በአየር የሚሄደው ከታብሌቱ እስከ ራውተሩ ያለው ብቻ ይሆናል። ራውተሩን ጠረጴዛ ሥር አትወሽቀው። ከሰው ራስ በላይ፣ ከመድረኩ ኋላ ግድግዳ ላይ ወይም ምሰሶ ላይ እሰረው፤ 5 ጊጋኸርዝ በተለይ በሰውና በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። ፓስዎርዱን ለማንም አትስጥ፣ ለቤቱ ባለቤትም ቢሆን።

ሰው የሚረሳቸው ነገሮች አሉ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ከሆነ ኔትወርኩን ፕራይቬት አድርገው፤ ፐብሊክ ላይ ከተተወ ፋየርዎሉ ታብሌቱን ሊዘጋበት ይችላል። ለላፕቶፑ ቋሚ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) ስጠው፣ አለዚያ ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር ታብሌቱ የሚልክበትን ያጣል። ታብሌቱ «ይሄ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ በራሱ ወደ ሌላ እንዳይዘል የቤቱን ዋይፋይ ከማስታወሻው ሰርዘው። ስክሪኑ በራሱ እንዳይጠፋ፣ ማሳወቂያም ብቅ እንዳይል አድርግ።

መብራትስ? ላፕቶፑና ታብሌቱ ባትሪ አላቸው፣ ራውተሩ የለውም። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ስፒከሩ ወዲያው ይመለሳል፣ ራውተሩ ግን እስኪነሳ ጊዜ ይወስዳል፤ ሙዚቃው እየጮኸ ምንም መቆጣጠር አትችልም። ለራውተር የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ትንሽ ባትሪ) ስለሚሸጥ ቮልቴጁ ከራውተርህ ጋር አንድ መሆኑን አይተህ ግዛ።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎም ግን ከበሮውን በዋይፋይ አትምታ። ይህን አጥብቄ ነው የምልህ። በደቂቃ 120 ቢት ስትጫወት አንዱ ቢት 500 ሚሊሰከንድ (ግማሽ ሰከንድ) ነው፣ የቢቱ ሩብ 125፤ ስለዚህ ትንሽ መዘግየትም ከቢቱ ያወጣሃል። የዋይፋይ መዘግየት ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም፦ አንዴ ቶሎ ይደርሳል፣ አንዴ ይጎተታል። ሁልጊዜ እኩል ቢዘገይ እጅህ ይለምደው ነበር፤ እንዲህ ሲዘባርቅ ግን የሚለምደው ጆሮ የለም። በዚያ ላይ ኦኤስሲ የሚባለው የመልእክት ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው በዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ በሚልክ የኔትወርክ መንገድ) ነው፣ ዩዲፒ ላይ መንገድ የቀረ መልእክት እንደገና አይላክም። የቀረው «ኖታውን አቁም» የሚለው ከሆነ ድምፁ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ፌደርና ፊልተር (የድምፁን ቀጭን ወይም ወፍራም ክፍል መቀነሻ) ላይ ይሄ አያሳስብም። ጣትህን ስታንሸራትት መልእክቱ ይጎርፋል፣ አንዱ ቢጠፋ ቀጣዩ ያርመዋል። ሉፕ ማስነሳትም እንደዚሁ ነው፤ ኤብልተን ላይ ግሎባል ኳንታይዜሽኑን (ሉፕ የሚነሳበትን ጊዜ የሚወስነውን) 1 ባር፣ ማለትም አንድ ሙሉ የምት ዙር፣ ካደረግከው የነካኸው ሉፕ የሚጀምረው የሚቀጥለው ባር ሲገባ ነው። በ120 ቢት፣ በ4/4 አንድ ባር 2 ሰከንድ ስለሆነ የዋይፋዩ መዘግየት እዚያ ውስጥ ይሸፈናል። እናም በታብሌቱ ሉፕ አስነሳ፣ ፊልተር ክፈት፣ ኢኮ ጨምር፤ በእጅ የሚመታውን በዩኤስቢ ለተሰካ ፓድ (በጣት ለሚመታ መሣሪያ) ተውለት። የታብሌቱን ቁልፎችም ትልልቅና ጥቂት አድርጋቸው፤ መስታወት ላይ ጣት ዳሩን አያገኘውም፣ ላብ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ጥያቄ፦ እኔም ሐዋሳ ነኝ፣ ኪቦርድ እጫወታለሁ። አሮጌ አንድሮይድ ታብሌት አለኝ። የመቆጣጠሪያ አፖቹ በዶላር ስለሚሸጡ መግዛት አልቻልኩም። ደግሞ ትዝታና አንቺሆዬ ታብሌት ላይ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል እህቴ፣ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ኦፕን ስቴጅ ኮንትሮል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የሚጫነው ላፕቶፑ ላይ ነው። ታብሌቱ ላይ ምንም አትጭኚም፤ ብሮውዘር ከፍተሽ የላፕቶፑን አድራሻ መጻፍ ነው፣ ለምሳሌ 192.168.1.5 ብለሽ ሁለት ነጥብና 8080 ትጨምሪበታለሽ። ብሮውዘሩ ብቻ በጣም ያረጀ አይሁን። ሚዲውን (የትኛው ኖታ እንደተነካ የሚናገረውን መልእክት) ወደ ሙዚቃ ፕሮግራምሽ ለማሻገር ዊንዶውስ ላይ ሉፕሚዲ ጫኚ፣ ማክ ላይ አይኤሲ የሚባለው ድራይቨር ከራሱ ጋር ይመጣል።

ለቅኝቱ በኪቦርድ የማታገኚው ጥቅም አለ፦ ከቅኝቱ ውጪ ያለውን ኖታ ጭራሽ አለማስቀመጥ። 5 ሰፋፊ ፓዶች ሥሪና ለእያንዳንዱ የሚዲ ቁጥር ስጪ። ከመሀል ዶ፣ ማለትም ከ60 ስትነሺ ትዝታ ሜጀር 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69 ነው፤ አንቺሆዬ 60፣ 61፣ 65፣ 66፣ 69። ረድፉን 12 ጨምረሽ ስትደግሚው ከፍ ያለው ኦክታቭ ይሆናል። ዓይንሽን ጨፍነሽም ብትነኪ ከቅኝቱ አትወጪም። ለወንድማችን ያልኩት ላንቺም ይሠራል፦ ለስለስ ብሎ የሚገባ ረዥም ድምፅ በዋይፋይ ያምራል፣ ፈጣን የክራር ዓይነት ግርፍ ግን ኬብል ይፈልጋል። ታብሌትሽ ዩኤስቢ ቴተሪንግ (በኬብል ኔትወርክ ማገናኘት) ካለው ያው የብሮውዘር ገጽ በኬብሉ በኩል ይከፈትልሻል።

የኔ ምርጫ ግን ማሲንቆው ነው። ማሲንቆ ከኖታ ወደ ኖታ ይንሸራተታል፣ ታብሌት ደግሞ ለመንሸራተት የተመቸ ነው። ከፓዶቹ ጎን አንድ ረዥም ቋሚ መስመር ሥሪና ፒች ቤንድ (ኖታውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚስብ መልእክት) እንዲልክ አድርጊው። ተራው የሚዲ መቆጣጠሪያ ከ0 እስከ 127 ድረስ 128 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፣ በዚያ ድምፅ ብትስቢ ደረጃ ደረጃው ሊሰማ ይችላል፤ ፒች ቤንድ ግን 16,384 አለው። ጣትሽን ስታነሺ ወደ መሀል እንዲመለስ አድርጊው። የምትጠቀሚበት ድምፅ የቤንድ ልክ 2 ሴሚቶን (ግማሽ ቃና) ከሆነ ከዶ ስትስቢ ሬ ላይ ያቆምሻል፣ ሚ ድረስ ከፈለግሽ ልኩን እዚያው ድምፁ ላይ 4 አድርጊው።