የ1972 ጃዝ ቤዝ ከመግዛትህ በፊት አንገቱን አስፈታው

ወንድሜ፣ በፈረንጅ የ1972 ፌንደር ጃዝ ቤዝ ጊታር አግኝተህ «ሻጩ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ፒክአፑም ኦሪጅናል ነው ይላል፤ ምን ልይ?» ብለሃል። (ፒክአፕ የክሩን ንዝረት የሚያነሳው ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ነው።) እኔም እዚህ ዲሲ አካባቢ ያንኑ ዓይነት ቤዝ ፈልጌ ብዙ ተንከራትቻለሁ። የቀለሙን ጭረት እርሳው። ገንዘብ የሚበላው አንገቱ ነው።

1. ክሮቹ ተወጥረው እያለ ከጫፉ በኩል እንደ ጠመንጃ አነጣጥረህ እይ። ሁለቱ ጠርዞች እኩል ካልሄዱ ተጣሟል፤ አትግዛው። ከዚያ ወፍራሙን ክር የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ላይ ተጫን። 7ኛው ፍሬት ጋ ስስ ካርድ የሚያሾልክ ክፍተት ካለ ጥሩ ነው።

2. ትረስ ሮዱ፣ ማለትም አንገቱ ውስጥ ያለው በዳዶ እየጠበቀ አንገቱን የሚያቀናው ብረት፣ ገና የሚጠብቅ መሆኑን አረጋግጥ። እዚህ ላይ አደራ! የዚያ ዘመን ጃዝ ቤዝ ዳዶው ያለው አንገቱ ከቦዲው ጋር በሚገጥምበት ጫፍ ነው። በደንብ ለማየት 4ቱን ብሎን መፍታት ግድ ነው። ሻጮች ይህን አይወዱም። ቨርጂኒያ ያለ አንድ ሱቅ «ካልገዛህ አይፈታም» አለኝ። ጊታር ይዤ የማላውቅ ይመስል አናገረኝ። እኔ ግን በቺክቺካ ሌሊቱን ሙሉ ሠርግ የምጫወት ሰው ነኝ፤ የጎበጠ አንገት እጄን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ድርቅ ብዬ አስፈታሁት። ዳዶው እስከ መጨረሻው ጠብቆ አልቋል፤ አንገቱ ግን አሁንም ጎብጧል! ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ያለው ፍሬትቦርዱን (ፍሬቶቹ የተተከሉበትን እንጨት) ማስላጥ ወይም አንገት መቀየር ነው። አንገቱ የተቀየረ ቤዝ ደግሞ የድሮ ዋጋውን አይዝም። እነሱ ግን ሙሉውን ዋጋ ነው የጠየቁኝ። ትቼ ወጣሁ።

የገዛሁት ሜሪላንድ ካሉ ጡረታ የወጡ ቤዚስት ነው። ካቻቢቴውን ራሳቸው አቀበሉኝ። አንገቱ ንጹሕ ነበር። ቴስተር ይዤ ስለነበር ኬብሉን ጃኩ ላይ ሰክቼ የአንዱን ፒክአፕ ቮልዩም ከፍቼ የሌላውን ዘግቼ ለካሁ። የፊተኛው 7 ኪሎ ኦም አካባቢ አነበበ፤ ጤነኛ ነው። የኋለኛው ከ100 በላይ ዘለለ። ይህ ማለት የፒክአፑ ሽቦ ውስጥ ውስጡን ተበጥሷል፤ የምታነበው የቮልዩሞቹን ብቻ ነው። እሳቸውም አልተከራከሩም፣ ከዋጋው ቀነሱልኝ። ሽቦውን እንደ አዲስ አስጠቀለልኩት፣ ዛሬም ይሠራል። ስለዚህ የሞተ ፒክአፕ አያስደንግጥህ፤ መደራደሪያ ነው።

አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ካለ ሁለቱንም ቮልዩም እኩል ክፈት። እዝዝታው መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ አንዱ ተቀይሯል ወይም በተሳሳተ መንገድ ተጠቅልሏል፣ «ኦሪጅናል» የሚለውን አትመን። ቮልዩሙ ጀርባ ያለውን ቁጥርም አንብብ፦ 137 ወይም 304 ብሎ ከጀመረ ቀጥሎ ያሉት 2 አሃዞች ዓመቱ፣ ከዚያ ያሉት 2 ደግሞ ሳምንቱ ናቸው። በ13772 የሚጀምር ካየህ ደስ ይበልህ።

ሻጩ አልፈታም ካለህ ቀብድ እንዳትሰጥ። ከፈታልህ ግን የዳዶውን ፎቶና የቴስተሩን ንባብ እዚህ ለጥፍ፤ አይቼ እነግርሃለሁ።