ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ እዚህ አሜሪካ ራሱ የሚጫወተው አሮጌ ፒያኖ፣ ፕሌየር ፒያኖ የሚሉት፣ በርካሽ ይገኛል። አንዳንዴ በነጻም ይሰጣል፤ ከባዱ ማጓጓዙ ነው። ገዝታችሁ ለመጠገን ካሰባችሁ እሰየው። ግን አደራ፣ ሕመሙን ሳታውቁ አትፍቱት።

ብዙ ሰው በሚነፋ አየር የሚሠራ ይመስለዋል። የአንጥረኛ ወናፍ ይነፋል፤ ይሄኛው ይስባል። ፔዳሉን ስትረግጡ ትልልቆቹ ወናፎች አየሩን ከውስጥ ያወጡታል። ዜማው በቀዳዳ የተጻፈበት ጥቅል ወረቀት፣ ቀዳዳ በተደረደረበት የናስ ዘንግ ላይ ያልፋል። የወረቀቱ ቀዳዳ ከናሱ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም የውጭ አየር በቀጭን ቱቦ ይገባና አንዲት ስስ ቆዳ ያነሳል። ቆዳዋ ቫልቩን፣ ማለትም የአየሩን በር፣ ትገፋለች። ያኔ የዚያ ኖታ ትንሽ ወናፍ ይጨመቅና መዶሻውን ያስመታል።

ይሄ ከገባችሁ ምርመራው ቀላል ነው። አንድ ኖታ ዝም ካለ ቁልፉን በጣታችሁ ምቱ። በጣትም ካልጮኸ ጥፋቱ የፒያኖው ነውና ወናፍ አትንኩ። በጣት ጮኾ በወረቀት እምቢ ካለ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የወረቀት ብናኝ የደፈነውን ቱቦ ነው። ለዚህ የሚሆን ትንሽ የእጅ ፓምፕ አለ፤ ናሱ ላይ ገጥማችሁ ሳቡት። በአፍ እፍ አትበሉ፣ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ሳይጠሩት የሚጮህ ኖታ ካለ ደግሞ ቀዳዳውን በፕላስተር ሸፍኑ። ተሸፍኖም ከጮኸ አየር በቱቦው መሃል ሾልኮ እየገባ ነው፣ ወይም ቫልቩ በደንብ አልተዘጋም። ሁሉም ኖታ ከደከመ ትልልቆቹን ወናፎች እዩ።

የድሮዎቹ ቱቦዎች ብዙ ጊዜ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ናቸው። ነጭ ዱቄት ካያችሁ መርዝ ነውና ጓንትና ማስክ አድርጉ፤ አትቦርሹት።

አሁን የማይወደደው ክፍል። የአንዱ ትንሽ ወናፍ ጨርቅ ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ የቀሩትም እኩዮቹ ናቸው። አንዱን ጠግኖ መዝጋት ማለት በየወሩ መክፈት ነው። ሁሉንም ቀይሩ፤ ባለ 88 ከሆነ 88ቱንም። ስታወርዱ በእርሳስ ቁጥር ጻፉባቸው፣ ፎቶም አንሱ። ማጣበቂያው የእንስሳ ቆዳ ሙጫ ይሁን፣ በሙቅ ውሃ የሚሟሟው። በሙቀትና በእርጥበት ስለሚላቀቅ ከናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው እንጨቱን ሳይሰብር ይከፍተዋል። ሲሊኮን የተለቀለቀበት ፒያኖ ሲመጣልኝ ግን የሠራውን ሰው ባገኘው እላለሁ።

ወረቀት ስትገዙም ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በ1908 (በፈረንጅ) ቡፋሎ ላይ ተሰብስበው የ88 ኖታውን ወረቀት መለኪያ እስኪስማሙበት ድረስ ባለ 65 ኖታው በሰፊው ይሠራበት ነበር። ሁለቱ አይተካኩም። ትክክለኛውን ከጫናችሁ በኋላ የፍጥነት ማስተካከያውን 70 ላይ አድርጉና ወረቀቱን በሜትር ለኩት፤ በደቂቃ 7 ጫማ መሄድ አለበት። ከዘገየ ወይም እየተንገዳገደ ከሄደ ወረቀቱን የሚጎትተውን የአየር ሞተር ፈትሹ።

ቬልቴ ሚኞን፣ አምፒኮ ወይም ዱዎ አርት የሚል ስም ያለበት ካጋጠማችሁ፣ የፒያኒስቱን ለስላሳና ጠንካራ አመታት ጭምር የሚመልስ ስለሆነ ውስጡ እጅግ የተወሳሰበ ነው። ለጀማሪ አይሆንም፤ ተራውን ባለ ፔዳል ያዙ።