ከመምህርነት ወደ መንግሥት አማካሪነት፦ ከቱሉ ዲምቱ ለደረሰ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው በአንድ የግል ኮሌጅ ሦስት ዓመት እንዳስተማሩ፣ አሁን በአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በዕቅድ ባለሙያነት የመቀጠር ዕድል እንዳገኙ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሦስተኛ ዲግሪ ለመጀመር እንደሚያስቡ ገልጸው፣ «የመንግሥት የኢኮኖሚ አማካሪ ለመሆን የትኛው ይሻለኛል?» ሲሉ ጠይቀዋል። የመመረቂያ ጥናትዎ በአዲስ አበባ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ቤተሰቦች ለትራንስፖርት በሚያወጡት ወጪ ላይ እንደሆነ ግን በደብዳቤዎ ግርጌ እንደ ዘበት ጠቅሰው አልፈውታል። እኔ ምላሼን የምጀምረው ከዚያ ነው።

ለአማካሪነት የሚጠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው አንድን ጉዳይ ከሌላው አብልጦ በማወቁ ነው። የሕንዱን ማንሞሃን ሲንግ እንመልከት። በኦክስፎርድ የሦስተኛ ዲግሪ ጥናታቸውን የሠሩት በአገራቸው የወጪ ንግድ ላይ ሲሆን፣ ከዚያም በተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ ሠርተው ወደ ዴልሂ በመመለስ ዓለም አቀፍ ንግድን በፕሮፌሰርነት አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 የውጭ ንግድ ሚኒስቴር ከዩኒቨርሲቲ በአማካሪነት የወሰዳቸው ይህንኑ እውቀታቸውን ፈልጎ ነው። በዓመቱ የገንዘብ ሚኒስቴር ዋና የኢኮኖሚ አማካሪ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የሕንድ የውጭ ምንዛሪ ክምችት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ በነበረበት ወቅትም የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ከዶክትሬታቸው እስከዚያ ሹመት 30 ዓመት ገደማ አልፏል። በአገራችንም አቶ ነዋይ ገብረአብ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኢኮኖሚ አማካሪ ሆነው በሠሩበት ዘመን የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩትንም ይመሩ ነበር፤ ምርምሩና ምክሩ አልተነጣጠሉም።

አሁን ወደ ጥናትዎ ልመለስ። ቃለ መጠይቅ ካደረጉላቸው ሰዎች መካከል አንዲት እናት የአንድ ታክሲ ሒሳብ ለማትረፍ ሲሉ ሁልጊዜ ጠዋት እስከ ዋናው መንገድ በእግራቸው እንደሚወርዱ ጽፈዋል። ያ የእግር መንገድ በወጪ ሰንጠረዥዎ ውስጥ ምን ሆኖ ተመዘገበ? ዜሮ ሆኖ ነው። ሰንጠረዡን ብቻ የሚያይ ኃላፊ እኒህ እናት የትራንስፖርት ችግር የለባቸውም ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ እርስዎ ግን የዜሮው ትርጉም ምን እንደሆነ ያውቃሉ። አንድ መንግሥት ከኢኮኖሚስት አማካሪ የሚፈልገው ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል። የአገራችን የድህነት ምጣኔ በ1988 ዓ.ም ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2008 ዓ.ም ወደ 23.5 በመቶ መውረዱ የታወቀው፣ መረጃ ሰብሳቢዎች በየቤቱ እየዞሩ ባካሄዱት የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ነው። ቁጥሩን ማንም በቃሉ ሊይዘው ይችላል። ጥያቄው እንዴት እንደተጠየቀ፣ የዋጋ ልዩነቱ በምን እንደተስተካከለ፣ ምን እንደታለፈ ማስረዳት የሚችል ባለሙያ ግን በስብሰባ ላይ ሁሉም ዞሮ የሚመለከተው ሰው ይሆናል።

እውቀቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ከብዙ ዓመታት በፊት ከ40 ገጽ በላይ የሆነ ጥናት ይዤ ለአንድ የመንግሥት ኃላፊ ማብራሪያ ሰጥቼ ነበር። ሰውየው እስክጨርስ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ታዲያ ምን እናድርግ ነው የምትለው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ስለ ዘዴው፣ ስለ ናሙናው፣ ስለ ቀደምት ጥናቶች ብዙ ብዬ ነበር፤ ምን ቢደረግ ስንት እንደሚያስወጣና ማን እንደሚጎዳ ግን አንድም ቦታ አልጻፍኩም። ስለዚህ ጥናትዎን ጥርት ባለ አማርኛ በሁለት ገጽ መጻፍን ከአሁኑ ይልመዱ። ጊዜውንም ይወቁ፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምርና መሥሪያ ቤቶች ጥያቄያቸውን ከወራት በፊት ስለሚያዘጋጁ፣ በሰኔ የሚቀርብ ጥሩ ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ይጠብቃል።

ምክርዎ ተቀባይነት የሚያጣበት ቀን እንደሚመጣም ልደብቅዎ አልፈልግም። አርተር ሉዊስ በልማት ኢኮኖሚክስ ስመ ጥር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ጋና ነፃ በወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1957 የአገሪቱ መሪ የክዋሜ ንክሩማህ የኢኮኖሚ አማካሪ ሆነው አክራ ገቡ፤ ይሁን እንጂ በልማት ዕቅዱ ውስጥ በሚካተቱት ፕሮጀክቶች ላይ ባለመስማማታቸው በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ለቀው ሄዱ። ንክሩማህ በጻፉላቸው ደብዳቤ ምክሩ ከኢኮኖሚ አንፃር ትክክል ሊሆን እንደሚችል አምነው፣ እርሳቸው ግን ፖለቲከኛ በመሆናቸው ሁልጊዜ ሊከተሉት እንደማይችሉ ገልጸውላቸዋል። ሉዊስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው ምርምራቸውን መቀጠል ችለዋል። መመለሻ ሙያ የሌለው አማካሪ ግን ወንበሩን ላለማጣት ሲል አለቃው መስማት የሚፈልገውን ብቻ ወደ መናገር ሊያዘነብል ይችላል፤ ይህ ደግሞ አገርን ይጎዳል።

ስለሆነም ሦስተኛ ዲግሪውን እንዲያስቀድሙ እመክርዎታለሁ፤ ነገር ግን ርዕሱ አሁን የያዙት ጉዳይ ቀጣይ ሲሆን ነው። ለዲግሪው ብቻ ሲሉ ወደማያውቁት ርዕስ የሚሻገሩ ከሆነ የሚኒስቴሩ ሥራ ይሻላል። የዕቅድ ባለሙያ ሥራ ብዙውን ጊዜ ሪፖርት ማጠናቀር እየሆነ የምርምር ጊዜን ይበላል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ስታቲስቲክስና ወደ ሒሳብ መመለስ ደግሞ ከሚገምቱት በላይ ይከብዳል። ቤተሰብ የሚጠብቀው ደመወዝዎን ከሆነ ግን ሥራውን ያለ ጸጸት ይያዙ፤ ቅዳሜን ለጥናትዎ ያድርጉት።

ለጊዜው የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። የጥናትዎን ውጤት ለከተማው ትራንስፖርት ቢሮ የሚቀርብ አስመስለው በሁለት ገጽ ይጻፉት፤ የእኒያን እናት ዜሮ ከመጀመሪያው አንቀጽ ያስገቡ፤ እስከ ጥር መጨረሻ ቢልኩልኝ አንብቤ አስተያየቴን እሰጥዎታለሁ።