ስኪ ዝላይ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ከኖርዌይዋ ትሮንድሄም ከተማ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ እኔንም የሚያንገበግብ ነገር ስለነካ ረዘም አድርጌ ነው የምመልስልሽ። ያልሽው ባጭሩ ይሄ ነው። በኤሌክትሮኒክስ ማስተርስ እየተማርሽ ነው፣ የመመረቂያ ሥራሽ የስኪ ዘላዮችን (ስኪ አጥልቀው ከበረዶ ቁልቁለት ተንደርድረው በአየር የሚዘሉትን) አዘላለል በሰውነታቸው ላይ በሚታሰር ሴንሰር፣ ማለትም እንቅስቃሴ በሚለካ ትንሽ መሣሪያ፣ እና በቪዲዮ መከታተል ነው፣ አባትሽ ደግሞ «በረዶ ላይ ለሚዘል ፈረንጅ ዕድሜሽን አትጨርሺ፣ ትምህርቱን ተይና ሙሉ ሰዓት ሥራ ገብተሽ የአዲስ አበባውን ቤት ዕዳ አግዢን» ብለውሻል።

ስኪ ስለማልችል ይስቁብኛል ያልሽውን እርሺው። የሚዘሉት እነሱ፣ የምትለኪው አንቺ ነሽ።

ዋናው ጥያቄሽ «ይሄ ሙያ ከግራንኦሰን (የትሮንድሄም የስኪ መዝለያ) ውጪ የት ያደርሰኛል?» የሚለው ነው። እስቲ ሥራውን እንየው። በትልቅ መዝለያ ላይ ዘላዩ መንደርደሪያውን ሲጨርስ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፣ በሴኮንድ 25 ሜትር ማለት ነው። ካጎነበሰበት ተስፈንጥሮ የሚነሳው 0.3 ሴኮንድ ያህል በምትሆን ቅጽበት ነው። በሴኮንድ 25 ምስል በሚያነሳ ተራ ካሜራ ብትቀርጪው፣ ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ አንድ ሜትር ሄዷል፤ ወሳኟ ቅጽበት በሰባት ስምንት ምስል አለቀች። ሴንሰሩ በሴኮንድ መቶዎች ጊዜ ስለሚለካ ይሻላል፣ ግን እሱም ጣጣ አለው። የጃይሮስኮፑ (ሴንሰሩ ውስጥ መዞርን የሚለካው ክፍል) ትንሽ ስህተት እየተደመረች የጉልበቱ አንግል ቀስ በቀስ ከእውነቱ ይርቃል፣ አጠገቡ ብረት ካለ ደግሞ ማግኔቶሜትሩ (አቅጣጫ የሚያሳየው እንደ ኮምፓስ ያለው ክፍል) ይታለላል፣ ብርዱም ባትሪውን ይበላዋል። በዚህ ላይ ዘላዩ ቱታው ሥር የሚያብጥ ነገር አይፈልግም (በ2025ቱ የዓለም ሻምፒዮና የዘላዮች ቱታ ከደንብ ውጪ ተሰፍቶ የተነሳውን ጉድ እዚያው ስላለሽ ሰምተሻል)። ስለዚህ ሴንሰሩን በቪዲዮው ታርሚዋለሽ። የሁለቱ ሰዓት በ0.1 ሴኮንድ ከተዛነፈ ግን ዘላዩ ሁለት ሜትር ተኩል ርቋል፣ የምታርሚው ሌላ ቦታ ያለ ሰው ይሆናል።

ይሄን ሁሉ አጣጥሞ አሰልጣኙ የሚያምነው ቁጥር ማውጣት የቻለ ሰው ሥራ ያጣል ብለሽ ነው? እኔ እንጀራዬን ያገኘሁት ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ እየጠገንኩ ነው። ቁጥር የሚያሳይ ማሽን ሞልቶ ነበር፣ ቁጥሩ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ነበር የሚጠፋው። ስትሮክ የመታው ሰው አረማመዱ እየተሻለ መሆኑ፣ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ እርምጃው ማጠሩ፣ የማራቶን ሯጭ ሲደክም እግሩ አረጋገጡን መቀየሩ የሚለካው በዚሁ ዓይነት ሴንሰር ነው። ሒሳቡም ያው ነው። ከቪዲዮውና ከሴንሰሩ አንዱን ምረጪ ካሉሽ እኔ ብሆን ሴንሰሩን ነው የምይዘው። ጓደኞችሽ ሁሉ ወደ ኤአይ ሲሮጡ አንቺ ብየዳውንና መለኪያ ማስተካከሉን ልመጂ።

የአባትሽን ነገር ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ቤቱን የገዙት እሳቸው ናቸው፣ ዕዳውም የእሳቸው ውሳኔ ነው። በትርፍ ሰዓት ሠርተሽ ከሚተርፍሽ ላይ ብትልኪ መልካም፤ ማስተርስ አቋርጦ ዕዳ መክፈል ግን እርዳታ አይባልም፣ ለዓመታት በረዳት ሠራተኛ ደሞዝ መታሰር ነው። የኖርዌዩ የተማሪ ብድርሽም ቢሆን ፈተናሽን አልፈሽ ስትመረቂ ከፊሉ ወደ ስጦታ ስለሚቀየርልሽ፣ ማቋረጡ በገንዘብም አያዋጣም። ይሄን ለአባትሽ ወረቀት ላይ አስልተሽ አሳዪያቸው። ክርክር ውስጥ አትግቢ።

አማካሪሽን ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ የሴንሰሩ ውጤት ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው ልክ የሚባለው? መልስ ከሌለው የመጀመሪያው ሥራሽ እሱ ይሁን። ሁለተኛ፣ ዳታው የአትሌቶቹ የግል መረጃ ስለሆነ አንቺ ጋ አይቀርም፤ የጻፍሽውን ኮድ ግን ለቀጣሪ ማሳየት እንደሚፈቀድልሽ ሥራውን ሳትጀምሪ በጽሑፍ ተቀበዪ።