የያንኪስ ፊርማ ያለባትን ኳስ በዚህ ዓርብ አትሽጫት

እህቴ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሁለት ዓመት ያስታመምሻቸው አዛውንት ካረፉ በኋላ፣ ልጃቸው «አባቴ ላንቺ እንድትሆን ይፈልጉ ነበር» ብላ የቤዝቦል ኳስ ከነመስታወት ሣጥኗ እንደሰጠችሽ ጽፈሻል። ኳሷ ላይ የ1961 የኒውዮርክ ያንኪስ ቡድን ፊርማ አለ ተብሏል። አንድ ነጋዴ ደግሞ ሦስት መቶ ዶላር በጥሬ ገንዘብ እንደሚከፍልሽ ነግሮ እስከ ዓርብ ቀጠሮ ሰጥቶሻል። በዕድሜ ታናሼ ስለመሰልሽኝ አንቺ ማለቴን አትቀየሚኝ። ቀጠሮውን ተዪው። ሜሪላንድ ውስጥ የሟቾችን የቤት ዕቃ ለቤተሰብ ገምቶ በሚሸጥ ድርጅት አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሻጩን ቀን ቆርጦ የሚያጣድፍ ገዢ ባየሁ ቁጥር ምክንያቱ ሻጩ ሌላ ሰው እንዳይጠይቅ ነበር።

ከኳሷ በፊት አንድ ወረቀት ያስፈልግሻል። ልጃቸው በእጇ ደብዳቤ ትጻፍልሽ፦ አባቷ ኳሷን መቼና እንዴት እንዳገኟት፣ ስንት ዓመት ቤታቸው እንደቆየች፣ ላንቺም በስጦታ እንደሰጠችሽ፣ ከቀንና ከፊርማ ጋር። ሌሎች ወራሾች ካሉ የውርሱ አስፈጻሚ ይፈርምበት። ይህ ለዋጋው ብቻ አይደለም። አስታማሚ ሆነሽ የሟች ንብረት ይዘሽ ገበያ ስትወጪ ነገ ጥያቄ ሊነሣብሽ ይችላል፤ አስታማሚ የሚቀጥሩ ብዙ ድርጅቶችም ስጦታ መቀበልን ይከለክላሉ። ንጹሕ እጅሽን የሚመሰክርልሽ ያ ደብዳቤ ነው። አዛውንቱ ስታዲየም የተነሡት ፎቶ ወይም የቆየ ትኬት ከተገኘም አብሮ ይቀመጥ።

ሁለተኛው፣ ኳሷን አታጽጂያት። በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ብትጠርጊያት የስድሳ ዓመት ቀለም አብሮ ይሄዳል። የደበዘዘ ፊርማ ላይ በእስክርቢቶ መድገምማ ኳሷን መግደል ነው። ከመስኮት ብርሃን አርቀሽ ደረቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጫት።

አሁን ሣጥኗን ክፈቺና በስፌቶቹ መካከል የታተመውን ጽሑፍ ፈልጊ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በዚያ ዘመን ያንኪስ የሚጫወትበት ውድድር፣ የአሜሪካን ሊግ፣ ይፋዊ ኳስ የሊጉ ፕሬዚዳንት ስም ይታተምበት ነበር። እስከ 1959 ዊል ሃሪጅ፣ ከዚያ እስከ 1973 ጆ ክሮኒን፣ ከ1984 እስከ 1994 ደግሞ ቦቢ ብራውን ነበሩ። በ1961 የተፈረመች ይፋዊ ኳስ የክሮኒንን ስም ይዛ ብትገኝ ይስማማል። የብራውን ስም ካለባት ፊርማዎቹ እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተፈረሙት ግን ተጫዋቾቹ ከሸመገሉ በኋላ ነው፤ ዋጋውም ሌላ ነው። ስሞቹንም አንብቢ። አሠልጣኙ ኬሲ ስቴንግል በ1960 መጨረሻ ስለተሰናበተ በ1961 ቡድን መካከል ስሙ መገኘት የለበትም፤ መኖር ያለበት የራልፍ ሃውክ ነው። በማጉያ መነጽር ስታዪ ቀለሙ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ እስክርቢቶ የተጫነበት ምልክት ከሌለው፣ ስታዲየም ደጃፍ ለመታሰቢያ የሚሸጥ የታተመ ፊርማ ነውና ሦስት መቶውም በዛ።

እኔን ያቃጠለኝን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት በሃምሳዎቹ የተፈረመች የያንኪስ ኳስ በዘጠኝ መቶ ዶላር ገዛሁ። ለፊርማ መርማሪዎች ልኬያት ሲመልሷት ከሃያ በላይ ፊርማዎች ትክክል ናቸው፤ የቡድኑ ታዋቂ ተጫዋች የሚኪ ማንትል ግን በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ነው አሉኝ። ያን ጊዜ ኳስ በካርቶን እየመጣ ይፈረም ስለነበር፣ ለታዋቂዎቹ የመልበሻ ክፍል ሠራተኞች ይፈርሙላቸው ነበር። ገንዘቤ የተመለሰው ግማሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ያንቺም ኳስ ላይ መጀመሪያ የሚመረመረው የማንትል ስም ነው።

የማሪስንም እይ። የማንትል የቡድን ጓደኛ ሮጀር ማሪስ በ1961 61 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አሻግሮ የሚሰድ ምት) መትቶ የቤብ ሩትን የ60 ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ማንትል 54 መታ። ማሪስ በ1985 አረፈ። ማንትል ግን እስከ 1995 ኖሮ በየአዳራሹ ጠረጴዛ ይዞ በክፍያ ብዙ ሺህ ጊዜ ፈረመ። ስለዚህ ማሪስ ብቻውን የፈረመባት ኳስ ከማንትል ይልቅ ትፈለጋለች። የዋጋ ምሥጢሩ ዝና ብቻ ሳይሆን ስንት ፊርማ ተርፏል የሚለው ነው። የኛው አበበ ቢቂላም በ1973፣ ገና በ41 ዓመቱ፣ አለፈ። በ1963 ቦስተን ላይ ሮጦ አምስተኛ ሲወጣ ለአንድ ሕፃን የፈረመው ወረቀት ይኖር ይሆን እያልሁ፣ እስከ ዛሬ የአሮጌ ቤት መሳቢያ ስከፍት ልቤ ይመታል።

ነጋዴው «እኔ ማረጋገጫ እሰጥሻለሁ» ካለሽ አትቀበዪ። በ1999 ኤፍቢአይ ካሊፎርኒያ ላይ የያዘው የሐሰት ፊርማ ቡድን የምስክር ወረቀቱንም አብሮ ያመርት ነበር፤ ከተያዙት መካከል በእማሆይ ትሬዛ ስም የተፈረመ የቤዝቦል ኳስ እንኳ ተገኝቷል። ገዢዎች የሚያምኑት እንደ ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤና ቤኬት ያሉትን ፊርማ መርማሪ ድርጅቶች ነው። በምርመራው ተከፋይ አንቺ ነሽ፤ ግን መጀመሪያ በፎቶ ብቻ በትንሽ ክፍያ አስተያየት መጠየቅ ይቻላል።

ለመሸጥ ለስፖርት ዕቃ የተለየ ክፍል ያለውን አጫራች እመርጣለሁ። አጫራቹ በአሸናፊው ዋጋ ላይ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ገደማ ከገዢው ይወስዳል፤ ገዢውም ይህን ቀንሶ ነው የሚጫረተው። ስለዚህ ካንቺ የሚቆርጠውን ኮሚሽን ለማስቀነስ ተከራከሪ፤ ውሉ ላይ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ ይጻፍልሽ። ኢንተርኔት ላይ ስታመሳስዪ ሻጮች የጠየቁትን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ እይ። ግብርም አለ፤ አዛውንቱ ባረፉበት ቀን የነበረው ግምት ለስሌቱ ስለሚጠቅምሽ ልጃቸው ያስገመተችው ካለ ቅጂውን ጠይቂያት።

ለነጋዴው «አልወሰንሁም» በዪውና የታተመውን ስም በቀን ብርሃን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። የክሮኒን ስም ካለ ቅዳሜ ማጉያዬን ይዤ እመጣለሁ።