መልስ፦ ጾሜ ከንቱ ነው ወይ?

እህቴ፣ «ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን እጾማለሁ፤ ሐሜትና ቂም ግን አልተውኩም። ባልጾም አይሻልም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይሻልም። ጾሙን ብትተዪው ቂሙ አብሮሽ ይቀራል።

እስቲ ማቴዎስ 23፥23ን አንብቢው። ፈሪሳውያን ከአዝሙድና ከእንስላል ሳይቀር አሥራት ያወጡ ነበር። ጌታ የወቀሳቸው ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን በመተዋቸው ነው። አሥራቱን ተዉት ግን አላላቸውም። ያንን ሳትተዉ ይህን ማድረግ ነበረባችሁ ነው ያላቸው። ብዙ ሰባኪ ይህቺን ግማሽ ይዘላታል።

ኢሳይያስ 58 ደግሞ ይብሳል። እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ነው የሚገሥጸው። የጾም ወጥ የምትሠራልንን ልጅ ደመወዝ ይዘን ኪዳን የምናደርስ አለን እኮ!

ቅዱስ ያሬድም ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ብሏል። ስለዚህ ጾምሽን ቀጥዪ፤ ቂም ለያዝሽባት ሰው ግን በዚሁ ሳምንት ደውዪላት። ንስሐ አባትሽ ጋ ስትሄጂም በደፈናው «ኃጢአተኛ ነኝ» ብለሽ አትለፊው። ሐሜቱን፣ ቂሙንም ዘርዝረሽ ንገሪያቸው። ከዚያ በኋላ የሚያደርጉሽን እሳቸው ያውቃሉ።