ተራራ ላይ ለፀሐይ ቀርበን ለምን ይበርደናል?

«ተራራ ስንወጣ ለፀሐይ እንቀርባለን። ሙቅ አየርም ወደ ላይ ይወጣል ይባላል። ታዲያ ላዩ ለምን ይበርዳል?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ እኔንም ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ጥያቄ ነው።

የርቀቱን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቀናለች። 4 ኪሎ ሜትር ብትወጣ ከዚያ ላይ ምን ይጎድላል?

ዋናው ነገር አየር የሚሞቀው ከሥር መሆኑ ነው። ከፀሐይ ከሚመጣው ኃይል ግማሽ ያህሉን የሚውጡት መሬትና ባሕር ናቸው። አየሩ ራሱ የሚያስቀረው ሩብ እንኳ አይሞላም። መሬቱ ይሞቅና አየሩን ከታች ያሞቀዋል፣ ልክ እንደተጣደ ውኃ።

አንድ ጊዜ ቴርሞሜትር ይዤ ተራራ ወጣሁ። ግርጌው ላይ 24 ዲግሪ ነበር። 1,000 ሜትር ያህል ከወጣሁ በኋላ 17 ሆነ። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የተደገፍኩት ጥቁር ድንጋይ እጄን ሊፈጀኝ ምንም አልቀረውም። ፊቴን ፀሐይ ትለበልበኛለች፣ ጆሮዬን ብርድ ይቆነጥጠዋል። ፀሐይዋ አልደከመችም፤ የበረደው አየሩ ነው። ድንጋዩ አጠገቡ ያለውን አየር ያሞቀዋል፣ ግን ነፋሱ ወዲያው ጠርጎት ይሄዳል።

ከባዱ ሁለተኛው ጥያቄህ ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ መውጣቱ እውነት ነው። ሙቀቱን እንደያዘ ግን አይደርስም። ይህ የገባኝ ከብስክሌት ጎማ ነው። ጎማ ስትነፋ የመንፊያው ጫፍ ይግላል። ስታስተነፍሰው ደግሞ የሚወጣው አየር ጣትህን ያቀዘቅዘዋል። አየር ሲለጠጥ በዙሪያው ያለውን ገፍቶ ቦታ ማስለቀቅ አለበት። ለዚያ የሚከፍለው ከራሱ ሙቀት ነው።

ከመሬት የተነሳ አየርም እንደዚያው ነው። በወጣ ቁጥር የሚጫነው ይቀንሳል፣ ይለጠጣል፣ ይቀዘቅዛል። ደረቅ ከሆነ በየኪሎ ሜትሩ 10 ዲግሪ ገደማ ያጣል። ደመና መሥራት ሲጀምር ግን ቅዝቃዜው ይዘገያል። እንፋሎቱ ጠብታ ሲሆን፣ ከባሕር ሲተን የወሰደውን ሙቀት እዚያ ይለቀዋል። እኔን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ደመና ሲያብጥ ስታይ፣ ከታች የተጫነ ሙቀት ሲራገፍ እያየህ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ የሚቀዘቅዝበት አማካይ መጠን ከ10 አንሶ በኪሎ ሜትር 6.5 ዲግሪ ገደማ የሚሆነውም በአብዛኛው በዚህ ነው።

አንዳንድ ሰው «አየሩ ስለሳሳ ነው» ይላል። መሳሳት ብቻውን አያበርድም። 11 ኪሎ ሜትር ላይ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ገደማ ነው። 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ አየሩ እጅግ የሳሳ ነው፣ ሙቀቱ ግን ተመልሶ ወደ 0 ይጠጋል። እዚያ ኦዞን የተባለ ጋዝ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር እየዋጠ ያሞቀዋል።

ራስህ ልትለካ ካሰብክ ቴርሞሜትሩን ጥላ ውስጥ አድርገው። ፀሐይ ላይ ከተውከው የሚነግርህ የራሱን ግለት እንጂ የአየሩን ሙቀት አይደለም።